የስሜትን መልእክት የቆጠሩ ሊቅ፤ የሎርድ አድርያን የሕይወት ታሪክ

አባቶቻችን ሰው አምስት ሕዋሳት አሉት እያሉ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ እነዚህም ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። ዓይን ለማየት፥ ጆሮም ለመስማት መፈጠሩን ማንም ሕፃን ያውቀዋል። ነገር ግን ጥቂት ቆም ብለን ብንመረምረው ጉዳዩ የሚመስለንን ያህል ቀላል አለመሆኑን እናስተውላለን። አንጎላችን በራስ ቅላችን ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር ነው። በዚያ ውስጥ ብርሃን አይገባም፤ የቡና ሽታ አይደርስም፤ የማር ጣዕም አይፈስም። ታዲያ በጨለማ ቤት ተዘግቶ የሚኖር ይህ አካል የውጭውን ዓለም እንዴት አድርጎ ያውቃል? የሚደርሰውስ መልእክት በምን ዓይነት ፊደል የተጻፈ ነው?

ይህን ጥያቄ በመሣሪያ መርምረው የመጀመሪያውን ግልጽ መልስ ከሰጡት ሊቃውንት መካከል ከፍ ያለውን ስፍራ የያዙት እንግሊዛዊው ኤድጋር ዳግላስ አድርያን ናቸው። ስለ እኚህ ሰው ለመጻፍ የመረጥሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ በባዮሎጂ ትምህርታችን ስለ ነርቭ ብዙ ስንማር፥ ያንን ነገር ደክመው ያገኙት ሰው ማን እንደ ሆኑ ብዙ ተማሪዎች ባለማወቃችን ነው። ሁለተኛው፥ እርሳቸው ያገኙት እውነት በወልድያና በመርሳ፥ በሀብሩም ገጠር በየቀኑ የምናየውን ብዙ ነገር የሚያስረዳ መሆኑን ስለ ተረዳሁ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ፥ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካላመለከትሁ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኤድጋር አድርያን በለንደን ከተማ በኖቬምበር 30 ቀን 1889 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ አማካሪ ነበሩ። በልጅነታቸው ዌስትሚንስተር በሚባለው የታወቀ ትምህርት ቤት ገብተው፥ እንደ ዘመኑ ልማድ በመጀመሪያ የጥንት ቋንቋዎችን ተማሩ፤ ቆይተው ግን ልባቸው ወደ ሳይንስ ስለ አዘነበለ ትምህርታቸውን ለወጡ። በ1908 ዓ.ም. በነጻ የትምህርት ዕድል በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገቡ። በዚያም የሕያዋንን አካል አሠራር የሚመረምረውን ፊዚዮሎጂ የተባለውን ትምህርት ያዙ።

ለተማሪ ጥሩ አስተማሪ ማግኘት ትልቅ ሀብት ነው። አድርያንም ይህን ሀብት አገኙ። አስተማሪያቸው ኬይዝ ሉካስ የምርመራ መሣሪያዎችን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብልህ ሰው ነበሩ። የሚሠሩበትም ቦታ ጠባብ የምድር ቤት ክፍል ነበረ። በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን ያከራክር የነበረው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ የነርቭ ክር ሲነካ የሚያስተላልፈው መልእክት፥ እንደ አነካኩ መጠን አንዳንድ ጊዜ ትንሽ አንዳንድ ጊዜም ትልቅ ይሆናልን? ወይስ መጠኑ ሁልጊዜ አንድ ነው? ሉካስ አንድ የጡንቻ ክር ወይ በሙሉ ኃይሉ እንደሚኮማተር፥ ወይ ጨርሶ እንደማይኮማተር አሳይተው ነበር። ተማሪያቸው አድርያን ደግሞ ይኸው ሕግ በነርቭም እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ተነሡ።

ያደረጉትም ሙከራ እንዲህ ነው። የእንቁራሪት ነርቭ ወስደው መካከሉን በአልኮል እንፋሎት አደነዘዙት። መልእክቱ በደነዘዘው ቦታ ሲያልፍ ይደክማል፤ ነገር ግን ያን ቦታ አልፎ ወደ ጤናማው ክፍል ከደረሰ እንደገና ሙሉ ኃይሉን ያገኛል። ይህን ለመረዳት በበጋ ወራት በደረቅ ሣር ላይ የተለቀቀን እሳት ማሰብ ይበቃል። እሳቱ እርጥብ ሣር ሲያገኝ ይቀጭጫል፤ ጨርሶ ካልጠፋና ደረቁን ሣር እንደገና ካገኘ ግን እንደ ቀድሞው ይነድዳል። የእሳቱ መጠን የሚወሰነው በሣሩ እንጂ በለኮሰው ክብሪት ትልቅነት አይደለም። የነርቭም መልእክት እንደዚሁ ነው። በዚህ ሥራቸው በ1913 ዓ.ም. የትሪኒቲ ኮሌጅ አባል ሆነው ተመረጡ።

በ1914 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የካምብሪጅ የምርመራ ክፍል ተበተነ። አድርያን ወደ ለንደን ሄደው የሕክምና ትምህርታቸውን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል በ1915 ዓ.ም. ፈጸሙ። መምህራቸው ሉካስ ለአውሮፕላን የሚያገለግል መሣሪያ ለማሻሻል ሲደክሙ፥ በ1916 ዓ.ም. የሚያበርሩት አውሮፕላን በአየር ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሞቱ። አድርያን ይህ ኀዘን በላያቸው እያለ በጦርነቱ ነርቫቸው የተጎዳባቸውን፥ እንዲሁም በመድፍ ድንጋጤ የታመሙትን ወታደሮች ያክሙ ነበር።

ከእነዚህ ታማሚዎች መካከል በአካላቸው ላይ ምንም ቁስል ሳይኖር ዓይናቸው የማያይ፥ ጆሯቸው የማይሰማ፥ ወይም እግራቸው አልታዘዝ ያለ ብዙዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ ሲመረምሯቸው ዓይኑም ጆሮውም ነርቩም ደህና ነው። በዚያን ጊዜ ይሰጥ የነበረው ሕክምና የሚያሳምም የኤሌክትሪክ ኃይል ጭምር የሚጠቀም ጨካኝ ሕክምና ነበረ፤ አድርያንም ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1917 ዓ.ም. ስለዚሁ ሕክምና ጽፈዋል። ዛሬ ማንም ሐኪም ይህን አይመክርም፤ እርሳቸውም ከጦርነቱ በኋላ በዚያ መንገድ አልቀጠሉም። የታላቅ ሰው ታሪክ ሲጻፍ የሚያስመሰግነው ብቻ ተመርጦ መጻፍ የለበትም ብዬ ስለማምን ይህንንም አኖርሁት።

ይህን የታሪካቸውን ክፍል ሳነብ የራሳችን አገር ነገር ትዝ አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በመጣ ጊዜ እኛ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ልጆች ነበርን። ከዚያም በኋላ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ወይም በር በኃይል ሲዘጋ ከመቀመጫው ዘሎ የሚነሣ፥ እጁም የሚንቀጠቀጥ ሰው በየሠፈሩ አይተናል። ለእንዲህ ያለው ሰው ፈሪ ነው ብሎ መሳቅ ተገቢ አይደለም። ጆሮው የሚያስተላልፈው ድምፅ ከእኛ ጆሮ የተለየ አይደለም፤ የተለየው አንጎሉ ለዚያ ድምፅ የሚሰጠው ትርጉም ነው። አንጎል የደረሰውን መልእክት ካለፈው ትዝታ ጋር አጋጥሞ ያነባልና።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፥ በ1919 ዓ.ም. አድርያን ወደ ካምብሪጅ ተመልሰው የሟቹን መምህራቸውን ክፍልና መሣሪያዎች ተረከቡ። በ1923 ዓ.ም. ሄስተር ፒንሰንት የተባሉትን ሴት አገቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። እኚህ ሴት የአእምሮ ሕመምተኞች በደግነት እንዲያዙ ዕድሜያቸውን በሙሉ የደከሙ ነበሩ። በ1942 ዓ.ም. ተራራ ሲወጡ በደረሰባቸው አደጋ አንድ እግራቸው ቢቆረጥም ሥራቸውን አልተዉም።

በዚያን ጊዜ አድርያንን ያስጨነቃቸው ችግር የመሣሪያ ችግር ነበረ። በአንድ የነርቭ ክር ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ምት የሚቆየው ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከነርቩ ውጭ ሆኖ ለሚለካው ሰው ኃይሉ በእጅ ባትሪ ድንጋይ ካለው ኃይል አንድ ሺህኛውን እንኳ አይሞላም። የሉካስ መሣሪያ ፈጣን ነበረ፤ ነገር ግን ይህን ያህል ደካማ ነገር ለማሳየት አልቻለም። መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ስፍራ፥ ማለት ከራዲዮ ነው። በአሜሪካ ሄርበርት ጋሰር የተባሉት ሊቅ የራዲዮን አምፑል ደካማውን የነርቭ ምት ለማጉላት ተጠቅመውበት ስለ ነበረ፥ አድርያን የእርሳቸውን ንድፍ ተቀብለው የራሳቸውን ማጉያ አሠሩ። እንግዲህ አንዱ ሊቅ ያገኘውን ለሌላው ካላካፈለ ሳይንስ ወደ ፊት አይሄድም።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያስደንቀው ነገር ይመጣል። አድርያን በማጉያቸው የእንቁራሪት ነርቭ ሲመረምሩ በመሣሪያው ላይ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ተመለከቱ። መጀመሪያ የመሣሪያው ብልሽት መስሏቸው ምክንያቱን ይፈልጉ ጀመር። በኋላ ግን የእንቁራሪቱ ጡንቻ ተንጠልጥሎ ሳለ መንቀጥቀጡ እንደሚታይ፥ ጡንቻው በመስታወት ላይ ሲጋደም ግን እንደሚጠፋ አስተዋሉ። ነገሩ ብልሽት አልነበረም። የተንጠለጠለው ጡንቻ በገዛ ክብደቱ ሲለጠጥ፥ መለጠጡን የሚያስታውቀው ነርቭ ያለማቋረጥ ወደ ላይ መልእክት ይልክ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሊተወው የሚችለውን ነገር፥ እርሳቸው ለምን ብለው ስለ ጠየቁ የስሜትን መልእክት በመንገዱ ላይ ሳለ አገኙት።

ሆኖም በአንድ ነርቭ ውስጥ ብዙ መቶ ክሮች አሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገሩ በገበያ ቀን መካከል ቆሞ የአንድን ሰው ንግግር ለመስማት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ በ1925 ዓ.ም. መጨረሻ አድርያንና ስዊድናዊው ይንግቭ ዞተርማን፥ ከእንቁራሪት ደረት አንዲት ትንሽ ጡንቻ ወስደው፥ አንድ የስሜት ክር ብቻ እስኪቀር ድረስ ጡንቻዋን በጥንቃቄ ከጫፍ እየቆራረጡ አሳነሷት። ከዚያም ጡንቻዋ ላይ ልዩ ልዩ ክብደት እያንጠለጠሉ ምቱን ቆጠሩ። ውጤቱን በ1926 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ያገኙትም ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል።

የመጀመሪያው ሕግ፥ ምቱ ሁሉ መጠኑ አንድ ነው። ክብደቱ ቀላል ቢሆን ወይም ከባድ፥ እያንዳንዱ ምት እንደ ወንድሙ ነው። ሁለተኛው ሕግ፥ ክብደቱ ሲጨምር የሚጨምረው የምቱ ትልቅነት ሳይሆን የምቱ ብዛት ነው። ከበሮውን በአንድ ዓይነት ኃይል ብቻ መምታት የሚችል ከበሮ መቺ እናስብ። ይህ ሰው ትንሽ ነገር መጣ ለማለት ቀስ እያለ ይመታል፤ ትልቅ ነገር መጣ ለማለት ደግሞ ያፋጥነዋል። ነርቭም በሰከንድ ከጥቂት ምት ጀምሮ እስከ መቶና ከመቶ በላይ እየመታ የነገሩን መጠን ያስታውቃል። ሦስተኛው ሕግ፥ ነገሩ ሳይለወጥ በቆየ ቁጥር ምቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህም ነርቭ ከሁሉ ይልቅ ለውጥን የሚናገር መሆኑን ያሳያል።

ይህን ሦስተኛውን ሕግ ለመረዳት ለእኛ ለዚህ አገር ሰዎች ላቦራቶሪ አያስፈልገንም። ጠዋት የለበስነውን ልብስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በገላችን ላይ መኖሩን አናስታውሰውም። በርበሬ ከሚፈጭበት ወፍጮ ቤት የገባ እንግዳ ያስነጥሰዋል፤ ባለ ወፍጮው ግን ሽታውን ከረሳው ቆይቷል። የእኛ ሙቀትና ብርድ የምንለውም ነገር ብዙ ጊዜ ከቀድሞው ጋር ተመዛዝኖ የሚነገር ነው። ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ የወረደ ሰው ከመኪናው ሲወርድ ሙቀቱ ፊቱን ይመታዋል፤ ከመርሳ ወደ ወልድያ የወጣው ደግሞ ጋቢ ይፈልጋል። ከደላንታ ደጋ የመጣው ሰው ግን ያችኑ ወልድያ ሞቃት ናት ይላል። ሦስቱም አልዋሹም፤ የሦስቱም ነርቭ የነገራቸው ለውጡን ነው።

ከዚህ በኋላ አድርያን ምርመራቸውን ወደ ሌሎቹ ሕዋሳት አስፋፉ። ከሬቸል ማቲውስ ጋር ሆነው የባሕር ዓሣ ዓይን ላይ ብርሃን እያበሩ የዓይንን ነርቭ መረመሩ፤ ብርሃኑ ሲደምቅ ምቱ እንደሚበዛና ቶሎ እንደሚጀምር አገኙ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካዊው ዴትሌቭ ብሮንክ ጋር ሆነው ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ ሲመረምሩ፥ ማጉያውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኙት። ያን ጊዜ የአንድ ነርቭ ምት በክፍሉ ውስጥ ጠቅ ጠቅ እያለ በጆሮ ተሰማ። ከአንጎል የሚወጣውም ትእዛዝ ሆነ ወደ አንጎል የሚገባው ወሬ፥ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፉ መሆናቸው ታወቀ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ የብርሃንም የድምፅም የሽታም መልእክት አንድ ዓይነት ምት ከሆነ፥ አንጎል ይህ ብርሃን ነው፥ ያ ድምፅ ነው ብሎ የሚለየው በምንድን ነው? መልሱ መልእክቱ በመጣበት መንገድና በደረሰበት ስፍራ ነው የሚል ነው። በዓይን ነርቭ በኩል የመጣ ሁሉ ብርሃን ተብሎ ይነበባል። ዓይኑን በጡጫ የተመታ ሰው በጨለማም ቢሆን ብልጭታ የሚያየው ስለዚህ ነው። በጦር ሜዳ እግሩ የተቆረጠበት ወታደር በሌለው እግሩ ጣት ላይ ሕመም የሚሰማውም በከፊል ስለዚህ ነው፤ የእግሩ መንገድ ባዶ አልሆነም፤ አንጎልም በዚያ መንገድ የመጣውን ወሬ አሁንም የእግር ወሬ ብሎ ይቀበለዋል።

ለዚህ ነገር የአማርኛ ቋንቋችን ራሱ ጥሩ ምስክር አለው። እሳትም ያቃጥላል እንላለን፤ በርበሬም ያቃጥላል እንላለን። ቃሉ አንድ የሆነው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ የዴቪድ ጁሊየስ የምርመራ ቡድን፥ በነርቭ ጫፍ ላይ ያለችውና በኃይለኛ ሙቀት የምትከፈተው በር፥ በበርበሬ ውስጥ ባለው ቅመምም እንደምትከፈት አገኘ። በሩ በምንም ይከፈት፥ ወደ አንጎል የሚሄደው ወሬ አንድ ነው፤ እርሱም እሳት መጣ የሚል ነው። ጁሊየስም የመዳሰስን በር ካገኙት ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የወሎ እናቶች ሳይንቲስቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ነገሩን በአንድ ቃል ጠርተውት ነበር ማለት ነው።

አድርያን ራሳቸው የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉት በ1932 ዓ.ም. ነው፤ የተካፈሉትም የነርቭን አሠራር ለብዙ ዘመን ከመረመሩት ከሽማግሌው ከቻርልስ ሸሪንግተን ጋር ነበረ። ብዙ ሰው ክብር ካገኘ በኋላ ያርፋል። እርሳቸው ግን ወዲያው ሌላ ጥያቄ አነሡ። በጀርመን አገር በየና ከተማ ሐንስ በርገር የተባሉ ሐኪም በሰው ራስ ቆዳ ላይ ሽቦ አኑረው የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መመዝገባቸውን በ1929 ዓ.ም. ጽፈው ነበር፤ የሚያምናቸው ሰው ግን ጥቂት ነበረ። አድርያንና ብራያን ማቲውስ ነገሩን በገዛ ራሳቸው ላይ ሞክረው እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ሞገድ ይታያል፤ ዓይኑን ሲከፍት ይጠፋል። በ1934 ዓ.ም. ይህን በሊቃውንት ጉባኤ ፊት አሳዩ፤ ሞገዱንም በበርገር ስም ጠሩት። በሌላው ሰው ድካም የራሳቸውን ስም ሊተክሉ አልፈለጉም። ዛሬ ሐኪሞች የሚጥል በሽታን ለመመርመር በዚህ መንገድ ይጠቀማሉ። በሽታው እርግማን ሳይሆን የአንጎል ኤሌክትሪክ መታወክ መሆኑን ያወቀ ሰው፥ ታማሚውን ክብሪት ከማሽተት ይልቅ ወደ ሆስፒታል ይወስደዋል።

በ1940ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ያደረጉት ምርመራ ለእኛ ለገበሬና ለከብት አርቢ ልጆች ይበልጥ ደስ ያሰኛል። አድርያን የልዩ ልዩ እንስሳትን አንጎል እየመረመሩ፥ የትኛው የአካል ክፍል ምን ያህል ስፍራ እንደ ያዘ አወቁ። በአሳማ አንጎል ላይ ለመዳሰስ የተመደበው ስፍራ ሁሉ ማለት ይቻላል የአፍንጫው ነው። በበግና በፍየል ትልቁን ስፍራ የያዙት ከንፈርና አፍ ናቸው። በትንሽ ፈረስ ደግሞ የአፍንጫው ቀዳዳ አካባቢ የቀረውን አካል ሁሉ ያህል ስፍራ ይዟል። በሰው ግን ሰፊውን ቦታ የያዙት እጅና ፊት ናቸው። እንግዲህ አንጎል የአካልን ስፋት በገመድ ለክቶ መሬት አያከፋፍልም፤ የሚያከፋፍለው እያንዳንዱ ፍጥረት ዓለምን በሚመረምርበት አካል መጠን ነው።

ይህን በክፍላችን ውስጥ በሁለት እሾህ መሞከር ይቻላል። የጓደኛችንን ዓይን ሸፍነን ሁለት የእሾህ ጫፍ በጣቱ ላይ በቀስታ ብናሳርፍ፥ በመካከላቸው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢኖርም ሁለት መሆናቸውን ይነግረናል። በጀርባው ላይ ግን በመካከላቸው 3 ሳንቲ ሜትር እያለ አንድ ብቻ ነው ይለናል። በመርሳ ገበያ ማንጎ የምትሸጥ ሴት ፍሬውን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ የበሰለውን ካልበሰለው የምትለየው፥ በዚህ በጣት ጫፍ ባለው የነርቭ ብዛትና በአንጎሏ ላይ ለጣት በተሰጠው ሰፊ ስፍራ ነው።

መልእክቱ ሲቋረጥ የሚሆነውን ደግሞ ከሥጋ ደዌ መማር ይቻላል። በሠፈራችን አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ የፈላ ድስት ከእሳት ላይ ያለ ጨርቅ በባዶ እጃቸው ሲያወርዱ ያየ ሰው ይደነግጥ ነበር። አንዳንዱ መንፈስ አለባቸው ይል ነበር፤ ሌላውም ልጆቹን ከደጃቸው ይከለክል ነበር። እውነቱ ግን የሥጋ ደዌ ተሕዋስያን የእጃቸውን ነርቭ አጥፍተውት ስለ ነበረ፥ የእሳቱ ወሬ ወደ አንጎላቸው አለመድረሱ ነው። በዚህ በሽታ የጣት መቆራረጥ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው፥ ሕመም ያልተሰማው እጅ ሲቃጠል፥ ሲቆረጥና ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው። ሕመም የሚጠላ ነገር ቢሆንም ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው የሞተበት ቤት ይዘረፋል። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት በዚህ በሽታ ለተያዙ ሰዎች ብዙ አገልግለዋል። በሽታው ዛሬ በመድኃኒት የሚድን ነው፤ ቶሎ የታከመ ሰውም ነርቩን ያተርፋል። ስለዚህ በቆዳው ላይ ሲነካ የማይሰማው ነጣ ያለ ምልክት ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ወደ አድርያን ታሪክ ልመለስ። ከ1937 እስከ 1951 ዓ.ም. በካምብሪጅ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከ1950 እስከ 1955 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሊቃውንት ማኅበር የሆነው የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት፥ ከ1951 እስከ 1965 ዓ.ም. በተማሪነት የገቡበት የትሪኒቲ ኮሌጅ አስተዳዳሪ ሆኑ። በ1955 ዓ.ም. የሎርድነት ማዕርግ ተሰጣቸው፤ በኋላም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ሆነው እስከ 1975 ዓ.ም. አገለገሉ። በ1954 ዓ.ም. በአንድ የሳይንስ ጉባኤ ላይ በፕሬዚዳንትነት ሲናገሩ፥ የአቶም ጦር መሣሪያ የሰውን ዘር ሊያጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። በጠባያቸውም ፈጣን ሰው ነበሩ ይባላል፤ ተራራ መውጣት፥ በሰይፍ መጫወትና መኪና በፍጥነት መንዳት ይወዱ ነበር። ልጃቸው ሪቻርድም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ የጡንቻን አሠራር የሚመረምር ሊቅ ሆኗል። ሎርድ አድርያን በ1977 ዓ.ም. በ87 ዓመት ዕድሜያቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት ሥራውን ቀጥለዋል። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል፥ በድመት አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ነርቭ ለተዘነበለ መስመር ብቻ፥ ሌላው ለቆመ መስመር ብቻ እንደሚመታ አሳዩ። የምት ብዛት ብቻ ሳይሆን ምቱ የመጣበት ቅጽበትና የብዙ ነርቮች ኅብረትም መልእክት እንደሚይዝ ታውቋል። ለመስማት ለተሳናቸው ሰዎች በጆሮ ውስጥ የሚተከለው መሣሪያም ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ምት ለውጦ ለነርቭ የሚያቀብል ነው፤ ይህም አድርያን ያነበቡትን ፊደል መልሶ እንደ መጻፍ ያህል ነው። ሆኖም በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ነርቮች ስላሉ፥ የምት ቁጥር እንዴት ሆኖ ቀይ ቀለም ወይም የእናት ድምፅ እንደሚሆን ገና ጨርሶ አልተፈታም። ለእኛ ለወጣቶቹ የተረፈ ሥራ አለ ማለት ነው።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከሎርድ አድርያን ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። የተበላሸ በመሰላቸው ነገር ውስጥ እውነትን አገኙ፤ የሟች መምህራቸውን ሥራ ሳይጥሉ ከፍጻሜ አደረሱ፤ የሌላውን ሰው ግኝት በባለቤቱ ስም ጠሩ። ታላቁንም ሥራ የጀመሩት በምድር ቤት ክፍል፥ በአንዲት እንቁራሪት ጡንቻና በትዕግሥት ነው። ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችንም፥ ለምን ብሎ የሚጠይቅን ልጅ ዝም በል ከማለት ይልቅ አብረው ቢጠይቁ ለአገር ይጠቅማል። እኛም የማይሰማውን እጅ፥ የሚጥለውን ሕመምና የጦርነትን ድንጋጤ እያየን ከመፍራትና ከመሳቅ ይልቅ፥ ምክንያቱን መርምረን የተጎዳውን ወንድማችንንና እኅታችንን እንርዳ። በዚህ ትምህርት የሚገፋ ሐኪምና ተመራማሪ ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ እንዲወጣ ምኞቴ ነው።